ሉል ወርቅ አይደለም፤ በእሳት አትፈትኑት

ሰሞኑን ስለ ሉል (ከዛጎል ስለሚወጣው ዕንቁ) የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ በቴሌግራም እየተዘዋወረ ነው። እኔ ጅማ ላይ ሐብል በማሰርና ጌጣጌጥ በመጠገን ነው የምተዳደረው። ስለዚህ ብዙ ሰው «ይኼን አይተሽዋል?» እያለ ልኮልኛል። አንዳንዱ የላከልኝ ምክሩን ከሞከረ በኋላ ነው። መልስ እንድጽፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው።

መጀመሪያ ጽሑፉ የሚለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ዓላማው ጥሩ ነው። ከዓረብ አገር ሐብል ይዘው የሚመለሱ እህቶቻችንና ከእናት ከአያት ሉል የወረሱ ሰዎች እንዳይታለሉ ማገዝ ይፈልጋል። የሚለውም ይኼን ነው፦ እውነተኛ ሉል በላይተር እሳት አይቃጠልም፣ አቼቶ ውስጥ ሲገባ ደግሞ አረፋ ያወጣል። ጥርስ ላይ ሲታሽ ከሻከረ የተፈጥሮ ሉል ነው፣ ዋጋውም ከፍተኛ ነው። የእርባታ ሉል፣ ማለትም ሰው ዛጎል ለባሽ እንስሳ አርብቶ የሚያወጣው፣ ፌክ ነው። እውነተኛው ፍጹም ክብ ነው፣ ፍሬዎቹም አንድ ዓይነት ናቸው። ሐብሉ ሲበጠስ በዓሣ ማጥመጃ ናይለን፣ ያለ ቋጠሮ ማሰር ይበቃል። ሲደበዝዝ በሎሚና በጥርስ ሳሙና ይታጠባል። ሲሸጥ እንደ ወርቅ በግራም ነው። መቆለፊያው ላይ 750 የሚል ማህተም ካለ ሉሉም ኦርጅናል ነው። ዋጋው ደግሞ በየዓመቱ ስለሚጨምር ማስቀመጥ ያዋጣል።

ጸሐፊው ክፉ አስበው ጻፉት አልልም። ስሕተቶቹ ከአንድ ምንጭ የመጡ ይመስለኛል። እኛ ጌጥን የምናውቀው በወርቅ ነው። ወርቅ በእሳት ይነጥራል፣ በአሲድ ይፈተናል፣ በሚዛን ይሸጣል። ጸሐፊው የወርቅ ቤቱን ሕግ እንዳለ አንስተው ሉል ላይ ጫኑት። ወርቅ ይኼን ሁሉ ይችላል። ሉል አይችልም።

ከእሳቱ ልጀምር፤ ትልቁ ጉዳት ያለው እዚያ ነው።

ወርቅ ቢቀልጥ እንኳ መልሶ ወርቅ ነው። ሉል ግን ከእንስሳ ገላ የወጣ ነገር ነው። አብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የእንቁላል ቅርፊት የተሠራበት ያው ነገር። ይኼ በጣም በቀጫጭኑ ተነባብሮ ተቀምጧል። ንብርብሩን የሚያያይዘው ኮንኪዮሊን የሚባል ፕሮቲን ነው። ትንሽ ውሃም አለበት። እሳት ሲነካው ውሃው ይወጣል፣ ፕሮቲኑ ያርራል፣ ንብርብሩ ይሰነጠቃል። ቀለሙ ወደ ቡናማ ይሄድና እዚያው ይቀራል። ያንን የሚመልስ አንጥረኛ የለም።

በቅርቡ አንዲት እህት ጂዳ ሠርታ የገዛችውን ሐብል ይዛልኝ መጣች። መሐል ላይ ያሉት ትልልቆቹ ፍሬዎች ጠቁረው፣ አንዱ ከላዩ ተልጦ ነበር። ጽሑፉን አንብባ ላይተር ለኩሳበታለች። ሉሉ እውነተኛ ነበር። እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ ግን ላይተር አያስፈልጋትም ነበር። እኔ ማድረግ የቻልኩት የተቃጠሉትን አውጥቼ ሐብሉን አሳጥሬ ማሰር ብቻ ነው።

«ቢጎዳም እውነቱን ይነግረናል» የሚል ይኖራል። አይነግርም። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው አርቲፊሻል ሉል ከፕላስቲክ ወይም ከመስታወት የተሠራ ነው። ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ እሺ። መስታወቱ ግን አይቃጠልም። በመስታወት ሉል ማስመሰል ደግሞ የትናንት ፈጠራ አይደለም። ፈረንሳዮች በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከዓሣ ቅርፊት በወጣ አብረቅራቂ ነገር ውስጡ ባዶ የሆነ የመስታወት ዶቃ ከውስጥ እየቀቡ፣ ባዶውን በሰም እየሞሉ ሉል ያስመስሉ ነበር። በጸሐፊው መለኪያ ከሄድን የመስታወት ዶቃ ቀለሙ ትንሽ ተላጦ «ኦርጅናል» ተብሎ ያልፋል። ፕላስቲክን ለመለየት ከሆነ ደግሞ እሳት ምን ያደርጋል? መዳፍ ላይ ሲያርፍ ቅለቱ ይታወቃል።

አቼቶው የባሰ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው በኬሚስትሪው ትክክል ናቸው። አሲድ ካልሲየም ካርቦኔትን ሲያገኝ አረፋ ያወጣል። ግን አረፋው ምንድን ነው? ሉሉ ራሱ እየሟሟ ነው። ክሊዮፓትራ ሉል አቼቶ ውስጥ አሟሙታ ጠጣች የሚለው የጥንት ታሪክ የመጣውም ከዚሁ ነው። አሁን አርቲፊሻሉን እዚያው አቼቶ ውስጥ አስቡት። መስታወቱ ምንም አይሆንም። የተቀባው ሽፋንም ብዙ ጊዜ ይችለዋል። ፈተናው የሚቀጣው እውነተኛውን ብቻ ነው ማለት ነው። ፌኩ እንደገባ ይወጣል፣ የእናትሽ ሉል ደብዝዞ ይወጣል።

ጸሐፊውን የምለምናቸው አንድ ነገር ቢኖር እነዚህን ሁለት አንቀጾች እንዲያወጧቸው ነው። ሌላው ላይ ተከራክረን ልንግባባ እንችላለን። የተቃጠለና የሟሟ ሉል ግን ክርክር አይመልሰውም።

ወደ ጥርሱ ስመጣ ግማሹን እቀበላለሁ። የሉል ላዩ ዓይን በማያየው መጠን ደረጃ ደረጃ ነው። ስለዚህ የፊት ጥርስ ጫፍ ላይ ቀስ ተደርጎ ሲታሽ ደቃቅ አሸዋ የነካ ይመስላል። መስታወትና ፕላስቲክ ይንሸራተታሉ። ጥሩ ፈተና ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። በአፍ ማድረግ የማይፈልግ ሰው ሁለት ፍሬዎችን እርስ በርስ በስሱ ማሸት ይችላል። ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ይጥረገው።

«ሻካራ ከሆነ የተፈጥሮ ነው» ላይ ስንደርስ ግን እንለያያለን። የእርባታ ሉልም ላዩ ያው ሉል ስለሆነ ይሻክራል። ቀለም የተነከረውም ይሻክራል። አንዳንድ አርቲፊሻል ደግሞ ሆን ተብሎ ሻከር ተደርጎ ይሠራል። ጥርስ የሚመልሰው «ላዩ ሉል ነው ወይስ ቅብ?» የሚለውን ብቻ ነው፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ። ከየት መጣ፣ ስንት ያወጣል ለሚለው መልስ የለውም።

ከጥርስ የተሻለ የምለው ቀዳዳውን ማየት ነው። ሰዓት ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚያደርጉት ማጉያ አለ፤ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ከሆነ ይበቃል። ቀን፣ መስኮት አጠገብ ሆናችሁ ክሩ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ከንፈር እዩ። አርቲፊሻል ከሆነ ቅቡ ቀዳዳው ዙሪያ እንደ ግድግዳ ቀለም ይላጣል፣ ከሥሩ መስታወቱ ወይም ፕላስቲኩ ብቅ ይላል። እውነተኛ ከሆነ ጠርዙ ንጹሕ ሆኖ የተቆረጠ ነው። አንዳንዴ ወደ ውስጥ ገባ ሲባል አንድ ጠቆር ያለ ቀጭን መስመር ይታያል። ከመስመሩ ወዲያ ሌላ ነገር አለ። ያ የእርባታ ሉል እምብርት ነው፤ ሽፋኑ እንዲለብሰው ሰው መሐል ላይ ያስገባው ፍሬ። ይኼ ማጉያ ጅማ ውስጥ ከማንኛውም ሰዓት ጠጋኝ ለአፍታ መዋስ ይቻላል። ሐብሉም ምንም ሳይሆን ይመለሳል።

ስለ ክብደት አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው «ከበድ ካለ እውነተኛ ነው» ይላል። ክብደት ፕላስቲክን ብቻ ነው የሚለየው። መስታወትና ሉል በክብደት ይቀራረባሉ። «ሲነካ ይቀዘቅዛል» የሚለውም እንዲሁ ነው፣ መስታወትም ይቀዘቅዛል።

«የእርባታ ሉል ፌክ ነው» የሚለው ነጥብ ልብ ይሰብራል። ስንት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ለራሷ አንድ ጌጥ ገዝታ የመጣች ልጅ ይኼን ስታነብ ገንዘቧ ሜዳ ላይ የቀረ ይመስላታል። አልቀረም።

የእርባታ ሉል የሚገኘው እንዲህ ነው። ባለሙያው ዛጎል ለባሹን እንስሳ በጥንቃቄ ከፈት ያደርጋል። ከሌላ ዛጎል የተሞረደች ክብ እምብርት ያስገባል። ይቺ እምብርት ብዙ ጊዜ የምትቆረጠው ከአሜሪካ የሚሲሲፒ ወንዝ ዛጎሎች ነው። አብሮ ከሌላ ተመሳሳይ እንስሳ የተወሰደ፣ ሉል የሚያመነጭ ትንሽ ቁራጭ ሥጋ ያስገባል። ከዚያ እንስሳው ወደ ውሃ ይመለሳል። ሽፋኑን የሚያለብሰው ሰው አይደለም፣ እንስሳው ነው። አኮያ የሚባለው የጃፓን ሉል ከወራት እስከ ሁለት ዓመት ይቆያል። ትልልቆቹ የደቡብ ባሕርና የታሂቲ ሉሎች ሁለት ዓመት ገደማ ይወስዳሉ። ቻይና ውስጥ በኩሬና በሐይቅ የሚረባው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እምብርትም አይገባበትም፣ ቁራጭ ሥጋው ብቻ ነው። ስለዚህ ከዳር እስከ መሐል ሉል ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ሉል አብዛኛው ይኼ ነው።

እኛ የቡና አገር ሰዎች ይኼ ሊከብደን አይገባም። ጫካ ውስጥ ራሱ የበቀለ ቡና አለ። ገበሬው ችግኝ አፍልቶ የተከለው ቡናም አለ። የጫካው ብርቅ ነው። የተተከለውን «ቡና አይደለም» የሚል ሰው ግን ጅማ ላይ አይገኝም።

ክርክሩ አዲስ እንዳይመስለን። ጃፓናዊው ኮኪቺ ሚኪሞቶ እ.ኤ.አ. በ1893 ግማሽ ክብ የእርባታ ሉል አወጣ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሙሉ ክብ የሚሆንበት ዘዴ ተገኘ። በ1920ዎቹ ይኼ ሉል አውሮፓ ሲገባ የፓሪስ ነጋዴዎች ልክ እንደ ጸሐፊው «ፌክ ነው» ብለው ተነሱ። ለምን እንደተነሱ ግልጽ ነው፤ በዓይን መለየት አቅቷቸው ነበር። መፍትሔ የሆነው ውስጡን በራጅ ማየት ነው። ክርክሩም በዚያው ተዘጋ፦ ሁለቱም ሉል ናቸው፣ ግን ሻጩ የቱ እንደሆነ መናገር አለበት።

ጸሐፊው ሐሳቡን ከባሕረ ሰላጤው ሰምተው ከሆነ አይገርመኝም። የእነዚያ አገሮች ሕዝብ ለዘመናት የኖረው ጠልቆ በሚያወጣው የተፈጥሮ ሉል ነበር። በ1930ዎቹ የጃፓን እርባታና የዓለም ኢኮኖሚ ቀውስ አንድ ላይ መጥተው ያንን ኑሮ አፈረሱት። ባህሬን የእርባታ ሉል ንግድን ለረጅም ዘመን በሕግ ከልክላ ኖራለች። ስለዚህ እዚያ የሠራ ሰው «እርባታ አይረባም» ሲባል ይሰማል። ክልከላው ግን የተፈጥሮውን ስም ለመጠበቅ ነው፣ እርባታው ፕላስቲክ ስለሆነ አይደለም።

አንድ ነገር ላይ ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የእርባታውን «የተፈጥሮ ነው» ብሎ የሚሸጥ ሰው አታላይ ነው። የዋጋ ልዩነታቸው በጣም ሰፊ ነው። ከዚህም ሌላ ጠንቀቅ ማለት ያለብን «ሼል ፐርል» እና «ማጆርካ» ተብሎ ከሚሸጠው ነው። እነዚህ የተቀቡ አርቲፊሻሎች ናቸው። ቆንጆ ናቸው፣ ለራስ መልበስ ምንም ችግር የለውም። በእርባታ ሉል ዋጋ መግዛት ግን ኪሳራ ነው። ደረሰኛችሁ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

የተፈጥሮ ሉልስ በእጃችን ሊኖር አይችልም? ይችላል። ቀይ ባሕር ላይ ያሉት የዳህላክ ደሴቶች ከጥንት ጀምሮ በሉል ይታወቃሉ። ከዚያ አካባቢ የመጣ የድሮ ጌጥ ያለው ቤተሰብ ቢኖር አይደንቅም። ቀዳዳው ውስጥ እምብርት ከታየ እርባታ ነው፣ አለቀ። እምብርት ካልታየ ግን «የተፈጥሮ ነው» ማለት አይቻልም። ያንን የሚናገረው ለዕንቁ ምርመራ የተዘጋጀ ራጅና ራጁን ማንበብ የሚችል ባለሙያ ነው። እኔም ሆንኩ ሌላ ጅማ ውስጥ በዓይንና በማጉያ የሚሠራ ሰው ያንን ቃል ለማንም መስጠት የለብንም።

ክብነቱን ባጭሩ ልለፈው። ከዛጎል የሚወጣ ነገር ላዩ ላይ ነጥብ፣ ሽክሽክ፣ ትንሽ ጉድጓድ አያጣም። ተስተካክሎ የተመረጠ ውድ የአኮያ ሐብል በጣም ክብ ሊሆን ይችላል፣ ይኼን እቀበላለሁ። ርካሽም ፍጹም ክብም ሲሆን ነው መጠርጠር ያለብን። ብልጭታውንም ሰው ያምታታል። ጥሩ ሉል ላይ የመስኮቱ ጠርዝ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ብርሃኑም ከውስጥ የሚመጣ ይመስላል። የቅብ ብርሃን ላዩ ላይ ብቻ ይቀራል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። የዓሣ ማጥመጃ ናይለኑ ጉዳይ ያናድደኛል። እጄ ላይ ከሚደርሰው ጉዳት ብዙው ከዚያ የመጣ ነው።

ጸሐፊው «ቋጠሮ የድሮ ሰው ልማድ ነው» ይላሉ። ቋጠሮ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ፣ ሉል ለስላሳ ነው። ፍሬዎቹ እርስ በርስ እየተፋጩ ቀዳዳው አጠገብ ያለውን ሽፋን ይበሉታል። በየመሐሉ ቋጠሮ ካለ አይነካኩም። ሁለተኛ፣ ክሩ ሲበጠስ የሚወድቀው አንድ ፍሬ ነው። ያለ ቋጠሮ ከሆነ ሁሉም ይበተናል። ሚኒባስ ውስጥ ወይም ሠርግ ቤት ሐብሏ ተበትኖ ፍሬ ስትለቅም የዋለች ሴት ይኼን አትጠይቀኝም።

ማጥመጃው ክር ራሱስ? ድርቅ ያለ ስለሆነ አንገት ላይ አይተኛም፣ ይቆማል። ቋጠሮው አይጠብቅም፣ ይንሸራተታል። ትንሽ ሲጫር ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ይበጠሳል። የሐር ክር ግን ሊያረጅ ሲል ይናገራል። ይለጠጣል፣ ይጠቁራል፣ ይሳሳል። ፍሬውን ከቋጠሮው ሳብ ስታደርጉት በመሐላቸው ራቁቱን ክር ካያችሁ የመታሰሪያው ጊዜ ደርሷል። አዘውትራ ለምትለብስ ሴት በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንዴ ማለት ነው።

እዚህም የማምነው አለ። ጅማ ዝናብ አይለያትም፣ ሐር ደግሞ እርጥበት አይወድም። ለጌጥ ተብሎ በቀጭኑ የተጎነጎነ ሰው ሠራሽ ክር ለአንዳንድ ሐብል ከሐር የተሻለ ይቆያል። እሱ ይቋጠራል፣ ይለሰልሳል፣ ከማጥመጃው ናይለን ጋር ምንም አይገናኝም። በጣም ጥቃቅን የሆኑ ሉሎችም በየፍሬው አይቋጠሩም፣ ለነሱ በየተወሰነ ርቀት ይበቃል። ለመስታወት ዶቃ ከሆነ ደግሞ በፈለጋችሁት ክር እሰሩት።

ራሳችሁ ማሰር ለምትፈልጉ እኔ የምሠራበትን ልናገር። መጀመሪያ ሐብሉን ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ ፎቶ አንሱት። የድሮ ሐብሎች ብዙ ጊዜ መሐሉ ትልቅ፣ ዳሩ እያነሰ የሚሄድ ነው። ቅደም ተከተሉ ከጠፋ መመለሱ ሥቃይ ነው። ፎጣው እጥፋት ላይ ፍሬዎቹን በተራ አስቀምጡ። አሮጌውን ክር አንድ በአንድ ቁረጡ። ሐሩን ከቀዳዳው ጋር አመጣጥኑ። ሁለት ድርብ ሆኖ ማለፍ አለበት፣ ቋጠሮው ደግሞ ቀዳዳው ውስጥ መግባት የለበትም። ርዝመቱን የሐብሉን ቢያንስ አምስት እጥፍ አድርጉት። መሐል ላይ ከሚያልቅ ተርፎ ቢቆረጥ ይሻላል። ማታውኑ ጫፉ ላይ ቀለል ያለ ነገር አንጠልጥላችሁ ክሩን አሳድሩት፤ ያኔ መለጠጡን አስቀድሞ ይጨርሳል።

መርፌው ከቀጭን ሽቦ የተጠመዘዘ ቢሆን ጥሩ ነው፣ የልብስ መርፌ ለብዙ ሉል ቀዳዳ ይወፍራል። በየፍሬው ኋላ ልል ቋጠሮ ታስሩና በወረንጦ ጫፍ ወይም በስፒል እየገፋችሁ ፍሬው ጀርባ ድረስ አስጠጉት። ከዚያ ብቻ አጥብቁት። መቆለፊያው ጋ ክሩ ከብረቱ ጋር እንዳይፋጭ የሚያለብሱት እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለ ስስ ሽቦ አለ፣ እሱን ካገኛችሁ አትተዉት። ቋጠሮዎቹ ሐብሉን ጥቂት ሴንቲሜትር እንደሚያስረዝሙት አስቀድማችሁ አስቡ። ቀዳዳው ጠበበ ብሎ በጋለ መርፌ የሚያሰፋ ሰው አይቻለሁ። እባካችሁ፤ እሳቱን ከላይ ተናግሬያለሁ።

ጸሐፊው ቋጠሮውን ትተው በሱፐር ግሉ ይተማመናሉ። ሱፐር ግሉ ክሩን አድርቆ እንደ እንጨት ይሰብረዋል። ቀዳዳው ውስጥ ከገባ ደግሞ ቀጥሎ ለሚያስረው ሰው መርፌ አያሳልፍም። በደንብ የተቋጠረ ሐር ማጣበቂያ አይለምንም።

እጥበቱ ላይ ብዙ አልልም። ሎሚ አሲድ ነው፣ ከአቼቶው ልዩነት የለውም። የጥርስ ሳሙና ይሞርዳል። ከለበሳችሁ በኋላ በትንሹ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፣ አድርቁት፣ አስተኝታችሁ አስቀምጡት። ሽቶና የፀጉር ቅቤ ከተቀባባችሁ በኋላ ነው ሉል የሚለበሰው፣ ሲወልቅም እሱ ይቀድማል።

የሽያጩ ነገር የቀረውን ያህል ያሳስበኛል።

በግራም ይሸጣል የተባለው ከምንም የመጣ አይደለም። የጃፓን ሉል በጅምላ ሲሸጥ ሞሜ በሚባል 3.75 ግራም በሆነ መለኪያ ይመዘን ነበር፣ አሁንም ይመዘናል። ያ ግን ጥራቱ አስቀድሞ ተለይቶ ለተመደበ ሉል ነው። ወርቅ 18 ካራት ከሆነ አንዱ ግራም ከሌላው ግራም ጋር እኩል ነው። ሉል እንዲህ አይደለም። ሚዛን ላይ እኩል የሆኑ ሁለት ሐብሎች በዋጋ ሰማይና ምድር ሊሆኑ ይችላሉ። ዋጋውን የሚወስኑት የፍሬው ስፋት፣ ቅርጹ፣ ቀለሙ፣ ብርሃኑ፣ የላዩ ጥራት፣ የሽፋኑ ውፍረት እና ፍሬዎቹ እርስ በርስ መመሳሰላቸው ነው። የመጨረሻው ብዙ ሰው ስለማያውቀው «በትኜ ለየብቻ ልሽጠው» የሚል አይጠፋም። ተመሳሳይ ፍሬ ፈልጎ አንድ ላይ ማሰባሰብ ራሱ ዋጋ ያለው ሥራ ነው። ስትበትኑት ያንን ዋጋ ጣላችሁት።

750 የሚለው ማህተም የሚናገረው ስለ መቆለፊያው ብቻ ነው። ወርቁ 18 ካራት ነው ማለት ነው። መቆለፊያ ይነቀላል፣ ይቀየራል። የመስታወት ዶቃ ላይ የወርቅ መቆለፊያ ማድረግ፣ ጥሩ ሉል ላይም ተራ ብረት ማድረግ ይቻላል። ሐብሉን ወርቅ ቤት ብትወስዱት የሚመዝኑላችሁ መቆለፊያውን ነው፣ ለሉሉ የሚከፍሉት አይኖርም። በነሱ አልፈርድም፣ ሥራቸው ወርቅ ነው። ግን መቆለፊያውን ቆርጣችሁ አትሽጡ። አንዳንድ የታወቁ ቤቶች ምልክታቸውን የሚያስቀምጡት እዚያ ላይ ነው፣ ከሐብሉ ከተለየ ማስረጃው ጠፋ።

ዋጋው በየዓመቱ ይጨምራል ለሚለው አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1917 ኒውዮርክ ላይ የካርቲየ ጌጣጌጥ ቤት ባለሁለት ረድፍ የተፈጥሮ ሉል ሐብልና 100 ዶላር ሰጥቶ አምስተኛው ጎዳና ላይ አንድ ትልቅ ቤት ተቀበለ። ሐብሉ ያኔ 1 ሚሊዮን ዶላር ተገምቶ ነበር። ያው ሐብል በ1957 ሲሸጥ 151,000 ዶላር ነው ያወጣው። በመሐል የእርባታ ሉል ዓለምን አዳርሶ ነበር። ቤቱ ግን ዛሬም የካርቲየ ነው።

ለፍትሕ ሲባል ተቃራኒውንም ልናገር። ላ ፔሬግሪና የተባለውን ሉል የፊልም ተዋናዩ ሪቻርድ በርተን በ1969 በ37,000 ዶላር ለሚስቱ ለተዋናይቷ ኤልዛቤት ቴይለር ገዛላት። በ2011 ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣበት። ግን ያ የስፔን ነገሥታት ያጌጡበት፣ በዓለም ታዋቂ የሆነ የተፈጥሮ ሉል ነው። ከሱቅ የተገዛ የእርባታ ሐብል ብዙውን ጊዜ ሲሸጥ ከተገዛበት ያነሰ ያወጣል። ሉል የምትገዙ ለመልበስና ለልጅ ለማስተላለፍ ግዙ። ጥሪት ለማስቀመጥ ከሆነ ሉል አስተማማኝ ቦታ አይደለም።

መሸጥ የግድ ለሆነበት ሰው ደግሞ ሥራው ከባድ አይደለም። ሐብሉን አስጠርጉት፣ ክሩ ካረጀ አሳስሩት። ቀን፣ ብልጭታ ሳታበሩ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንሱት። ቀዳዳውንና መቆለፊያውን ለየብቻ አንሱ። የፍሬውን ስፋት ካሊፐር በሚባለው መለኪያ አስለኩ፣ ጋራዥ ሳይቀር ይገኛል። ገዢው ማጉያ ይዞ ቢመጣ ደስ ይበላችሁ። ላይተር ይዞ ቢመጣ ግን ሐብሉን መልሳችሁ ቦርሳ ውስጥ ክተቱ። ስትስማሙ የምታውቁትንም የማታውቁትንም ወረቀት ላይ አስፍራችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። እኔ ለደንበኞቼ የምጽፈው እንዲህ ያለ ነው፦ «የሉል ሐብል፣ እምብርት ያለው የእርባታ ሉል፣ በራጅ አልተመረመረም፤ የፍሬ ስፋት ከ7 እስከ 7.5 ሚሊሜትር፤ ርዝመት 45 ሴንቲሜትር፤ በየፍሬው ተቋጥሮ በሐር ክር የታሰረ፤ መቆለፊያው 750 ማህተም ያለው፤ ሁለት ፍሬዎች ላይ ትንሽ ጭረት አለ።»